ጣና ባሕር አይደለም፦ የጠላቂ ሥልጠና ለምታቅዱ ቢሮዎች የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ይድረስ፦ በጣና ዙሪያ ለምትገኙ የቱሪዝም፣ የውሃ ትራንስፖርት፣ የአደጋ መከላከልና የሥራ ዕድል ፈጠራ ቢሮዎች

ጉዳዩ፦ ስለ ስኩባ አሠልጣኝ ሥራና ቅጥር

የተከበራችሁ የሥራ ኃላፊዎችና ባለሙያዎች፣

እኛ ስኩባን፣ ማለትም አየር በሲሊንደር ይዞ መጥለቅን፣ ማስተማር እንጀራችን የሆነ ሰዎች ነን። ጣና ላይ ጠላቂ ይሠልጥን ሲባል ሐሳቡ ደግ ነው። ጀልባ ሲገለበጥ ወይም ሰው ሲሰምጥ የሚጠራው ትንፋሹን ይዞ የሚገባ የሰፈር ዋናተኛ ነው፤ ከዚያ የተሻለ ነገር ለሐይቁ ሰው ይገባዋል። ችግሩ ዕቅዱ ወረቀት ላይ ሲወርድ ነው። የዕቃው ዝርዝር ሦስት ገጽ ይሞላል፤ አሠልጣኙ ግን «ባለሙያ፣ ብዛት 1» ተብሎ በአንድ መስመር ያልፋል። የምንጽፍላችሁ ስለዚያች አንድ መስመር ነው። የምንጠይቀውን አስቀድመን እንናገር፦ ዕቃ ከመግዛታችሁ በፊት አሠልጣኝ ቅጠሩ፤ ዕቃውን እሱ ይምረጥ፤ ውሃ የሚገባበትንና የማይገባበትንም ቀን እሱ ይወስን።

ከተማዋ ባሕር ዳር ስለምትባል ይረሳል እንጂ፣ ጣና ባሕር አይደለም። ከባሕር ጠለል በላይ 1,788 ሜትር ገደማ ላይ የተኛ ውሃ ነው። እዚህ የሚጫነን አየር ምጽዋ ወይም ጅቡቲ ወደብ ላይ ከሚጫነው 80 በመቶ ያህሉ ብቻ ነው። በየጥልቀቱ ስንት ደቂቃ መቆየት እንደሚቻል የሚነግሩት የመዝናኛ ጠላቂ ሰንጠረዦች ደግሞ የተሰሉት ለወደቡ ነው፤ ከ300 ሜትር ከፍታ በላይ እንዳሉ አይሠራባቸውም። ጣና ላይ እውነተኛውን ጥልቀት በ1.24 ማባዛት ያስፈልጋል። የሐይቁ ጥልቁ ቦታ 14 ሜትር ገደማ ስለሆነ ሲባዛ 17.4 ይመጣል፤ ሰንጠረዥ ላይ 18 ተብሎ ይነበባል። ፓዲ (PADI) የተባለው ዓለም አቀፍ የጠላቂ ሥልጠና ድርጅት በሚያሳትመው ሰንጠረዥ 14 ሜትር ላይ የሚፈቀደው ቆይታ 98 ደቂቃ ነው፤ 18 ሜትር ላይ 56። ባሕር ላይ በለመደው ዓይን የሚያነብ አሠልጣኝ ለሠልጣኞቹ የሌላቸውን 42 ደቂቃ ይመርቅላቸዋል።

ባለመርፌው የጥልቀት መለኪያም ያሳስታል። ዜሮው የተስተካከለው ባሕር ላይ ነውና ጣና ላይ 2 ሜትር ያህል አሳንሶ ያነባል፤ 12 ሜትር ወርዳችሁ 10 ይላችኋል። የእጅ ሰዓት የመሰሉት የጠላቂ ኮምፒውተሮች አብዛኞቹ ከፍታውን ራሳቸው ያውቁታል፤ አንዳንዶቹ ግን ከፍታው በእጅ ካልተነገራቸው ባሕር ላይ ያሉ ይመስላቸዋል። ጨረታው ላይ «የጥልቀት መለኪያ» ብሎ መጻፍ ስለማይበቃ «ለከፍታ ራሱን የሚያስተካክል» የሚለው ይጨመር።

ከዚህ ሁሉ የሚያሳስበን የሳንባው ነገር ነው። ከ10 ሜትር ወደ ላይ ሲወጣ ሳንባ ውስጥ ያለው አየር ባሕር ላይ በሁለት እጥፍ ይሰፋል፤ ጣና ላይ በ2.2 እጥፍ። ሲሊንደር የተነፈሰ ሰው ትንፋሹን ይዞ ከወጣ፣ ሳንባውን ለመጉዳት ከአንድ ሜትር ብዙም የማይበልጥ ከፍታ ይበቃዋል። ጎበዝ ዋናተኛ ሁሉ ጎበዝ ጠላቂ ይሆናል የሚለው ሐሳብ የሚፈርሰውም እዚህ ላይ ነው። ዋናተኛው ዕድሜውን ሙሉ የለመደው ትንፋሽ መያዝን ነው፤ ስኩባ ላይ የመጀመሪያው ሕግ ትንፋሽ አትያዝ ነው። ልማዱ እስኪለቀው ድረስ ጨርሶ ዋና ከማያውቀው ይልቅ እሱን መጠበቅ ያስፈልጋል።

የከፍታው ጣጣ ከውሃ ሲወጡም አያልቅም፤ ታች ሲተነፈስ ደም ውስጥ የገባው ናይትሮጅን የአየሩ ግፊት ሲቀንስ አረፋ ይሆናልና። አንዴ የጠለቀ ሰው አውሮፕላን ለመሳፈር ቢያንስ 12 ሰዓት፣ ደጋግሞ የጠለቀ 18 ሰዓት ይጠብቃል፤ ይህን ብዙ ሰው ሰምቶታል። የመኪናውን ግን ማንም አይጠይቅም። ከባሕር ዳር የሚወጣው መንገድ አብዛኛው ዳገት ነው። እንጅባራ 2,500 ሜትር አካባቢ ነው፤ አዲስ አበባ ለመድረስ ደግሞ ዓባይ በረሃን ወርዶ ወደ 3,000 ሜትር የሚጠጋ ደጋ መውጣት ግድ ነው። ደሙ ውስጥ የቀረው ናይትሮጅን በሚኒባስ ተወጣ በአውሮፕላን አይለይም። በመዝጊያው ቀን ጠዋት ጠልቆ፣ ሰርተፊኬትና አበል ተቀብሎ፣ ከሰዓት መንገድ የሚጀመርበት ፕሮግራም እንዳታወጡ። የመጨረሻው ቀን የወረቀትና የዕቃ እጥበት ቀን ይሁን።

አሁን ወደ ውሃው እንግባ። ግልገል ዓባይ፣ ጉማራ፣ ርብና መገጭ በክረምት አፈር ተሸክመው ይገባሉ፤ ሐይቁ ጥልቀት ስለሌለው ነፋስም ወለሉን ያማስለዋል። በመጥፎ ቀን የራስ እጅ ክንድ ላይ ይቆረጣል፤ ጣት አይታይም። ይህ የአሠልጣኙን ሥራ ከሥሩ ይለውጠዋል። አንድ ቀላል ትምህርት እንውሰድ፤ ማስክ ውስጥ የገባን ውሃ ማስወጣት። ሠልጣኙ ይንበረከካል፣ የማስኩን የላይኛ ጠርዝ በጣቱ ግንባሩ ላይ ይጫናል፣ ቀና እያለ በአፍንጫው ወደ ውጭ ይተነፍሳል፤ ውሃው በታችኛው ጠርዝ ይወጣል። ንጹህ ውሃ ውስጥ አሠልጣኙ ፊት ለፊት ተቀምጦ የሠልጣኙን ዓይን እያየ ያስተምራል፤ ፍርሃት መጀመሪያ የሚታየው ዓይን ላይ ነውና። ጣና ላይ ዓይን የለም። ሠልጣኙ ገና ሲንበረከክ ጭቃው ተነስቶ ሁለቱንም ይሸፍናቸዋል። ስለዚህ የአሠልጣኙ አንድ እጅ የሠልጣኙን ጃኬት ማሰሪያ ይጨብጣል፤ ሌላው ሬጉሌተሩ (የሲሊንደሩ አየር የሚተነፈስበት ዕቃ) አፉ ላይ መኖሩን ይዳስሳል፤ ጆሮው አረፋ ይቆጥራል። አረፋው ከተቋረጠ ሠልጣኙ ትንፋሹን ይዟል ማለት ነው፤ ቀጥሎ የሚያደርገውም ወደ ላይ መፈናጠር ነው። የጨበጠው እጅ ያን ጊዜ ካልያዘው በኋላ አይደርስበትም።

ዓለም አቀፉ ደንብ ጥሩ ሁኔታ ላለው ውሃ ለአንድ አሠልጣኝ እስከ 8 ጀማሪ ይፈቅዳል። ያ ጣሪያው ነው፤ ታይነት ሲቀንስ ቁጥሩም መቀነስ እንዳለበት ደንቡ ራሱ ይላል። ጣና ላይ ልኩ ሁለት ነው፣ አሠልጣኙ ሁለት እጅ ስላለው። «20 ወጣቶች በ5 ቀን» የሚል ዕቅድ የያዛችሁ ካላችሁ ወይ አሠልጣኝ ጨምሩ፣ ወይ ወጣቶቹን በዙር አስገቡ። የመጀመሪያዎቹ ትምህርቶች ከነጭራሹ ሐይቅ ውስጥ አይሰጡ፤ የሆቴል መዋኛ ገንዳ ይበቃል። ገንዳውም ያው 1,788 ሜትር ላይ መሆኑን ግን አትርሱ።

ለነፍስ አድን ሥራ የሚሠለጥን ጠላቂ በዚህ ውሃ ብቻውን አይዋኝም፤ በገመድ ታስሮ ይሠራል። ገመዱ ከሲሊንደሩ ወይም ከክብደት ቀበቶው ጋር ሳይሆን ከሁሉ ዕቃ በታች ከሚለበስ የደረት ማሰሪያ ጋር ይታሰራል፤ ዕቃውን ቢያወልቅ እንኳ ሰውየው ገመዱ ላይ እንዲቀር። ላይ ገመዱን የሚይዘው ሰው የሚገናኘው በመሳብ ነው። አንዴ ሲስብ ደህና ነህ ማለቱ ነው፤ ጠላቂው አንዴ ሲመልስ ደህና ነኝ። አራት ጊዜ ከላይ ውጣ፣ ከታች አውጡኝ። ሁለት ሁለት እያሉ ሦስት ጊዜ ተተብትቤያለሁ፣ ሌላ ጠላቂ ላኩ። አራት አራት እያሉ ሦስት ጊዜ አሁኑኑ ጎትቱኝ። ሌላ ምልክት የሚጠቀሙ ቡድኖች አሉ፤ አንድ ጀልባ ላይ ሁለት ዓይነት ምልክት እንዳይኖር ብቻ ነው የምንለው። ሁለተኛው ጠላቂ ማስኩን ብቻ አውልቆ፣ ሁሉን ለብሶ፣ ሲሊንደሩ ተከፍቶ ይቀመጣል። ይህ ማለት አንድ ሰው ውሃ ውስጥ እንዲገባ አራት ሰው ያስፈልጋል፦ ጠላቂ፣ ተጠባባቂ፣ ገመድ ያዥና ኃላፊ። በጀት ሲቆረጥ መጀመሪያ የሚቀነሰው ተጠባባቂው ነው፤ ቁጭ ብሎ ስለሚታይ።

መረብን በተመለከተ ለዓሣ አጥማጁ የምንሰጠው ትምህርት የለንም። ቀጭኑ የናይለን መረብ ግን ውሃ ውስጥ አይታይም፤ ተቆርጦ የቀረውም ዓመታት ሳይበሰብስ ይቆያል። የሚይዘው ብዙውን ጊዜ ከኋላ፣ በሲሊንደሩ አንገት ነው። ጠላቂው ምን ያዘኝ ብሎ ሲዞር ራሱን ይጠቀልላል። የሚያስተምረው ነገር አጭር ነው፤ ቁም፣ አትዙር፣ በገመድ ተናገር፣ ከዚያ በእጅህ እየዳበስክ ቁረጥ። መቁረጫ ሁለት ይያዝ፣ ሁለቱም ደረት አካባቢ፤ አንዱ መቀስ ይሁን። እግር ላይ የሚታሰረው ትልቁ ቢላ ለፎቶ ያምራል፤ መረብ ውስጥ ያለ ሰው እጁ እግሩ ጋ አይደርስም።

ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት ካለው የጨረጨራ ግድብ በሮችና በጎጃም በኩል የሐይቁን ውሃ ከሚወስደው የጣና በለስ ዋሻ መግቢያ አጠገብ ሥልጠና አይታሰብ። አደጋው ከላይ አይታይም፤ ውሃው ጸጥ ያለ ይመስላል። በሩ ማዶ ውሃው 5 ሜትር ዝቅ ያለ ከሆነና ግማሽ ሜትር በግማሽ ሜትር የሆነ ክፍተት ካለ፣ ክፍተቱ ላይ የተለጠፈን ሰው የሚጫነው ኃይል 1,250 ኪሎ ያህል ነው። ገመድም ሰውም አይነቅለውም። እዚያ ጥገና ካስፈለገ በሩ ተዘግቶ፣ ቁልፉ ጠላቂው ቡድን እጅ ገብቶ፣ በሙያ ጠላቂዎች ይሠራ፤ የመዝናኛ ስኩባ መምህር ሥራ አይደለም።

ጉማሬው ሲመሽና ሲነጋ ወደ ሳር ይወጣል፣ ደንገሉም መንገዱ ነው፤ የዓባይ መውጫ አካባቢን መተው ነው። ከሰዓት በኋላ ሐይቁ ላይ ነፋስ ይነሳል፤ የገዳማት ጀልባዎች ማልደው የሚወጡት በከንቱ አይደለም። ሥልጠናውም ጠዋት ጀምሮ እስከ ቀኑ 6 ሰዓት ያልቃል። (የክብር እንግዳ እስኪመጣ፣ ንግግር እስኪያልቅ፣ ሪቫን እስኪቆረጥ ተብሎ 8 ሰዓት ላይ ውሃ መግባት አለ። እንግዳው ይቅርታ ያድርግልንና፣ ንግግሩ ጠላቂዎቹ ከውሃ ከወጡ በኋላ ይሁን።)

ሲሊንደሮቹን በአየር የሚሞላው ማሽን፣ ኮምፕረሰሩ፣ ላይ ጥቂት እንቆይ፤ ሰው የሚተነፍሰው ከእሱ ነውና። 12 ሊትር የሚይዝ ሲሊንደር 200 ባር (ባር የግፊት መለኪያ ነው) ሲሞላ 2,400 ሊትር አየር ይዟል። በደቂቃ 100 ሊትር ይሞላል የተባለ ማሽን ባሕር ላይ በ24 ደቂቃ ይጨርሳል፤ ጣና ላይ የሚስበው አየር ስስ ስለሆነ 30 ደቂቃ ይፈጅበታል። በቀን ስድስት ሲሊንደር ብታስቡ ሦስት ሰዓት ሙሉ መሥራት አለበት። አንድ የተረጋጋ ሠልጣኝ 10 ሜትር ላይ በደቂቃ ወደ 36 ሊትር ይወስዳል፤ 50 ባር ሳይነካ መቅረት ስላለበት የሚሠራበት 1,800 ሊትር ነው፣ 50 ደቂቃ። የደነገጠ ሠልጣኝ ይህንኑ በግማሽ ሰዓት ሊጨርሰው ይችላል።

መብራት ስለሚጠፋ ማሽኑ በቤንዚን ሞተር ይገዛል፤ አደጋው እዚያ ይገባል። የሞተሩ ጭስ ወደ ኮምፕረሰሩ መሳቢያ ከተመለሰ ሲሊንደሩ ውስጥ ካርቦን ሞኖክሳይድ ይታሸጋል። ሽታ የለውም፤ ጥልቀት ደግሞ ጉዳቱን ያብሰዋል። መሳቢያው ቱቦ ከሞተሩ በነፋሱ ፊት በኩል፣ ከፍ ብሎ ይሰቀል፤ ነፋሱ አቅጣጫ ከለወጠ ማሽኑ ይጥፋ። ዘይቱ የኮምፕረሰር ዘይት እንጂ የመኪና ዘይት አይደለም። ማጣሪያው «ገና ይሠራል» ተብሎ በዓይን አይገመትም፤ የሠራበት ሰዓት መዝገብ ላይ ይሰፍራል፣ ሰዓቱ ሲሞላ ይጣላል። ለማጣሪያ በጀት ያልያዘ ዕቅድ ኮምፕረሰር ባይገዛ ይሻላል። ሲሊንደሮቹ በየ5 ዓመቱ በውሃ ግፊት ይመረመራሉ፣ በየዓመቱ ውስጣቸው ይታያል፤ የምርመራው ቀን ትከሻቸው ላይ ተቀርጿል። ጨረታ ስትከፍቱ ዋጋውን ብቻ ሳይሆን ያን ቁጥር አንብቡ።

ሬጉሌተር ጭቃ አይወድም። ከጣና የወጣ ሬጉሌተር በዚያው ቀን በንጹህ ውሃ ይታጠባል። ሲታጠብ ሲሊንደሩ ላይ የሚታሰረው የመጀመሪያው ክፍል ክዳን ደርቆ ተገጥሞ፣ የአፍ መያዣው ላይ ያለው ቁልፍ ሳይነካ ነው። ሲሊንደር ላይ ሳይታሰር ቁልፉ ከተጫነ መዘጊያው ይከፈትና ጭቃው ውሃ ወደ ውስጥ ይሰርጋል። ጥፋቱ ያን ቀን አይታወቅም፤ በሚቀጥለው ጊዜ ታች ላይ አየሩ ሳይቋረጥ ሲያፈስ ነው የሚታወቀው።

ስለ ሰውየው ደግሞ እንናገር። አሠልጣኝ የሚሆን ሰው ዕድሜው ቢያንስ 18፣ ጠላቂ ከሆነ ቢያንስ 6 ወር የሞላው፣ የሐኪም ምርመራ ያለፈ፣ በፓዲ መንገድ ከሆነ ደግሞ 100 ጊዜ መጥለቁ የተመዘገበለት መሆን አለበት። በሳምንት ሁለት ጊዜ የሚጠልቅ ወጣት 100 ለመሙላት 50 ሳምንት ይፈጅበታል። በሦስት ወር አሠልጣኝ የሚኮንበት አቋራጭ የለም፤ የጎጃም ልጆች ራሳቸው አሠልጣኝ እንዲሆኑ ከፈለጋችሁ በጀቱን በዓመት ሳይሆን በሁለት ዓመት ያዙት።

ሥራው ከሩቅ መዝናኛ ይመስላል። ቅርቡ ሌላ ነው። ሙሉ ዕቃ ከ20 ኪሎ በላይ ነው፣ የሠልጣኙንም አሠልጣኙ ይሸከማል። አየር ቢያልቅ ትንፋሽ እያወጡ ወደ ላይ መዋኘትን ለማስተማር እያንዳንዱን ሠልጣኝ ከ6 ሜትር ወይም ከዚያ በላይ ያወጣል፤ ሠልጣኙ አንዴ ሲወጣ አሠልጣኙ በየሠልጣኙ ቁጥር ይወጣል፣ ይወርዳል። ጆሮውንና ሳይነሱን የሚጎዳው ይህ ነው፤ ናይትሮጅኑም በዚህ ዓይነት መውጣትና መውረድ ይከፋል። ውሃ ሙቀትን ከአየር በ25 እጥፍ ያህል ፍጥነት ይወስዳል፤ ጣና ለብ ያለ ቢመስልም ሦስት ሰዓት ተንበርክኮ ያስተማረ ሰው ይንቀጠቀጣል። 5 ሚሊሜትር ልብስ ቅንጦት አይደለም። ቢልሃርዝያም አለ፤ ቀንድ አውጣው የሚኖረው ሣር ባለበት ጥልቀት በሌለው ዳርቻ ነው። ስለዚህ ከዳር ሳይሆን ከጀልባ ይገባ፣ ገላ ሙሉ ይሸፈን፣ ሠራተኛው በየዓመቱ ይመርመር፤ የምርመራውን ወጪ ቀጣሪው ይቻል።

ክፍያው ላይ አንድ ነገር ብቻ። አሠልጣኝ በሰርተፊኬት ብዛት አይከፈለው። በሰው ልክ የሚከፈለው ሰው «ይህ ልጅ አልደረሰም» ለማለት ከራሱ ኪስ ያወጣል። የወር ደመወዝ ይሁን፤ የሰረዘው ቀንም እንደሠራበት ይቆጠር።

እንጅባራ አጠገብ ያለውን የዘንገና ሐይቅ ለመዝናኛ ጠላቂዎች እንክፈት የሚል ሐሳብ ይነሳል። ውበቱን አንክድም። ነገር ግን የእሳተ ገሞራ ጉድጓድ ነው፤ ጥልቀቱ ከመቶ ሜትር በላይ ነው፣ ከፍታውም 2,500 ሜትር አካባቢ። እዚያ 18 ሜትር መውረድ ሰንጠረዥ ላይ ወደ 25 ሜትር ይቆጠራል፤ 56 ደቂቃው ወደ 29 ይወርዳል። ጣና ላይ ክብደት የበዛበት ሠልጣኝ ጭቃ ላይ ያርፋል፤ ዘንገና ላይ የሚያርፍበት የለም። እያሳሳቀ የሚወስድ ውሃ ማለት እሱ ነው። ለጀማሪ አይከፈት። የጣናም ጥቅም ለቱሪስት ሳይሆን ለነፍስ አድንና ለሥራ ጠላቂ ነው ብለን እናምናለን፤ ምንም የማይታይበትን ውሃ ለጎብኚ መሸጥ ያስተዛዝባል።

በመጨረሻ የድንገተኛው ነገር። የግፊት ጉዳት ለደረሰበት ሰው የመጀመሪያው እርዳታ ንጹህ ኦክስጅን በደቂቃ 15 ሊትር ነው። 10 ሊትር የሚይዝ፣ 150 ባር የተሞላ ሲሊንደር 1,500 ሊትር ይሰጣል፤ 100 ደቂቃ። ከደቅ ደሴት በተራ ሞተር ጀልባ ባሕር ዳር ለመድረስ ይህ አይበቃም፤ እዚያ አካባቢ ለሚሠራ ቡድን ሁለት ሲሊንደር ይያዝ። በሽተኛው በጀርባው ተኝቶ ይጓዛል እንጂ ተደግፎ አይቀመጥም። የግፊት ማከሚያ ክፍል ያለበት ቅርብ ቦታ፣ የሚደወልበት ስልክና የሚሄድበት መንገድ ከሥልጠናው በፊት በአንድ ገጽ ተጽፎ በላስቲክ ተሸፍኖ ጀልባው ላይ ይሰቀል። በአውሮፕላን የሚወሰድ ከሆነ ዝቅ ብሎ የሚበር ወይም የውስጥ ግፊቱን ከመሬቱ ጋር እኩል የሚያደርግ መሆኑ፣ በመኪና ከሆነም ዳገቱ ስንት ሜትር እንደሆነ እዚያው ገጽ ላይ ይጻፍ።

ከአክብሮት ጋር፣

በስኩባ አሠልጣኝነት የምንሠራ ባለሙያዎች
ባሕር ዳር፣ ጎጃም